ባሏን በሻይ የገደለችው ጎረቤታችን

ልጅ እያለሁ በዓይኔ ያየኋት ነፍሰ ገዳይ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር። ስሟ ፈትለወርቅ ነው፤ እኛ ልጆች እትዬ ፈትሌ እንላታለን። ባሏን የገደለችው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ እያየ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ባል እንደሌላት ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ያ ነገር ለማንም ትዝ አላለውም።

ያን ጊዜ ልደታ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም። ዛሬ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከቆመበት ብዙም በማይርቅ ቦታ ላይ የጭቃ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር፤ የአንዱ ግድግዳ ከተነካ የጎረቤቱም አብሮ ስለሚሄድ ቤቱን ለማደስ የሚደፍር አልነበረም። የእኛ ግቢ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቴሌቪዥን ነበረው። ቴሌቪዥኑ የእማማ ይታጠቁ ነው። እማማ ይታጠቁ የአባዬ አክስት ናቸው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በግቢው ውስጥ እሳቸው ያላሉት አይሆንም፣ ያሉትም አይቀርም። ቴሌቪዥኑን ራሳቸው በጠለፉት ጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጡትና እሁድ የድራማው ሰዓት ሲደርስ ብቻ እንደ ሙሽራ ይገልጡታል። እኛ ልጆች መሬት ላይ፣ እናቶች አግዳሚው ላይ፣ የጎረቤት ጎረቤት ደግሞ በመስኮት በኩል ነው የሚያየው። የፀጉር ቅባት፣ የልብስ ሳሙናና የሰው ትንፋሽ የተቀላቀለበት የዚያ ክፍል ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሲኒማ ቤት ገብቻለሁ፤ ያን ያህል የተደሰትኩበት ግን አላስታውስም።

እትዬ ፈትሌ በውጭው በር አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው። የቴአትር ሰው ናት። ከደሴ የመጣችው ለትምህርት ነበር፤ መድረክ ላይ መውጣቷን አባቷ ሲሰሙ «እኔ አዝማሪ አልወለድኩም» ብለው ስሟ በቤታቸው እንዳይነሳ አደረጉ። ይህን እማዬ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ እንጂ እሷ ራሷ ተናግራው አታውቅም። በበዓል ቀን ሁሉም ልብሱን ለባብሶ ወደ ዘመዱ ሲሄድ እሷ በሯን ከፍታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ስታነብ ትውላለች። ትልቅ ሰው በበዓል የሚሄድበት ቤት ሊያጣ እንደሚችል ያወቅሁት እሷን አይቼ ነው።

መጀመሪያ በቴሌቪዥን ስትወጣ ትሪ ይዛ ገብታ፣ አስቀምጣ የምትወጣ የቤት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ግቢው ግን አጨበጨበ፤ እማማ ይታጠቁም «ትሪ አያያዟ ያስታውቃል፤ ከደህና ቤት ነው የወጣችው» አሉ። ቀጥሎ ነርስ ሆነች። ከዚያ ጥርስ የሌላት ባልቴት፣ ከዚያ ደግሞ ልጇን የካደች የትልቅ ሰው ሚስት። የሚመጣውን ሚና ከሁሉም ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ውኃ ልትቀዳ ወደ ቧንቧው ስትሄድ አረማመዷ ይለወጣላ። አንድ ሳምንት ጄሪካኗን አንጠልጥላ እየተንቀባረረች ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት እግሯን ትጎትታለች። አንድ ጊዜ የአትክልት ነጋዴ ሁኚ ተብላ ተክለ ሃይማኖት ጉሊት ላይ ከአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጎን ተቀምጣ ሳምንቱን ሙሉ ዋለች። ስትመለስ ድምጿ ሻክሮ፣ ከእማዬ ጋር ስለ አየሩ ስታወራ እንኳን ዋጋ የምትከራከር ትመስል ነበር።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ወርውሬ የምሮጠው ወደ እሷ ክፍል ነው። ሚናዋን ስታጠና የሌላውን ሰው ቃል የሚያነብላት ያስፈልጋት ነበርና ሥራው የእኔ ሆነ። አሥር ዓመቴ ነው፤ ማንበብ እወዳለሁ፤ ደግሞም ማርማላታ የተቀባ ዳቦ አለበት። በዚያች ክፍል ውስጥ ዳኛ ሆኜ ፈርጄባታለሁ፣ እናቷ ሆኜ ረግሜያታለሁ፣ ወታደር ሆኜ ተሰናብቻታለሁ። በዚያን ዓመት ግን ድምፄን ወፈር እንዳደርግ አዘዘችኝ። ባሏ ነበርኩ፣ ሀብታም ነጋዴ። ሻዩን ፉት እልና «ዛሬስ ስኳሩ በዛ» እላለሁ፤ እሷ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ «ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ትለኛለች፤ ከዚያ ደረቴን ይዤ ምንጣፉ ላይ እዘረራለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሞትኩ እግዜር ይወቀው። አሟሟቴ ካላማራት «ይሄማ እንቅልፍ ነው፤ ተነሺና እንደገና ሙቺ» ትለኛለች። ሻዩ የእውነት፣ ስኳሩም የእውነት ስለነበር ሞት አልሰለቸኝም። ታሪኩን ለማንም እንዳልተነፍስ አስምላኝ ነበር፤ መሐላዬንም ጠበቅሁ።

ታናሽ እህቴ ቤዛ የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። እማዬን ምጥ የያዛት አባዬ ሥራ በሄደበት፣ ታክሲም በማይገኝበት ሰዓት ነበር። እትዬ ፈትሌ ወደ አስፋልቱ ሮጠች፤ እኔም ከኋላዋ። መንገዱ ዳር ስትደርስ ግን ሩጫዋን አቆመች። አንገቷ ቀና አለ፣ ያ የነርሷ አረማመድ መጣ። አስፋልቱ መሀል ገብታ እጇን ዘርግታ አንድ የቤት መኪና አስቆመችና «ወላድ አለች። የኋላውን በር ክፈት፤ ቀስ ብለህ ነው የምትነዳው» አለችው። ሹፌሩ «እሺ ሲስተር» ብሎ ወርዶ ከፈተ። እማዬ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ገና አልጋዋ ላይ ሳትወጣ «ይህቺን ልጅ ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። እትዬ ፈትሌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ክርስትና ማንሳት የአንድ ቀን ክብር አይደለም። ልጅቷን ከውኃው የተቀበለች ሴት እናቷ ናት፤ ከወላጆቿ ጋርም አበልጅ ሆና እስከ ሞት ትዛመዳለች። ዘመድ ለሌላት ሴት እማዬ ዘመድ ሰጠቻት ማለት ነው። በማግስቱ እትዬ ፈትሌ ነጭ ጨርቅ ገዝታ ለቤዛ የክርስትና ቀሚስ መጥለፍ ጀመረች።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። የቤዛ ሰማንያ ቀን የሚሞላው ከግንቦት ልደታ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነበር። የሻዩ ክፍል በቴሌቪዥን የተላለፈው ደግሞ ግንቦት ልደታ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

ያን እሁድ እትዬ ፈትሌም እማማ ይታጠቁ ቤት ነበረች፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔ መሬት ላይ ሆኜ የባልየውን ቃል በከንፈሬ እከተላለሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የመርዙን ዱቄት ሻዩ ላይ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ማንኪያውን በጨርቅ ጠረገችና ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ ስናጠና አላየኋትም ነበር። «ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ስትል ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ጠፋ። ባልየው ከእኔ በተሻለ ሞተ። መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ሲመጣ እንደ ወትሮው ያጨበጨበ የለም። ከጎኗ የነበረችው ጎረቤት ቀስ ብላ ወደዚያ ጠጋ አለች። እማማ ይታጠቁ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉና ጨርቁን ሲያለብሱት «ወይ አንቺ ልጅ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ባለሱቁ ዕቃዋን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና እጇ እንዳይነካው እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ከሜክሲኮ በመጣችበት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስትል ረዳቱ «ሻይ እንዳትጋብዢን እንጂ እናወርድሻለን» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀባት። ልጆቹ ከኋላ ከኋላዋ «ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» እያሉ ይከተሏታል። እሷ መጀመሪያ ላይ አብራቸው ትስቅ ነበር። ተዋናይ ሲሰደብ ሥራው ያዘ ማለት ነው ብላ ለእኔም አስረዳችኝ።

ግንቦት ልደታ ዕለት ግን ሳቋ ቆመ። በዓሉ የእመቤታችን ልደት ነው፤ ሰፈራችንም ስሙን ያገኘው ከእሷው ነው። በዚያን ቀን ሁሉም ንፍሮውን ቀቅሎ ደጅ ያወጣል፤ የስንዴውና የባቄላው እንፋሎት መንደሩን ይሞላዋል። ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ ከዚህም ከዚያም ሰሃን እየዘገኑ መብላት ነው። ማን የማንን በላ ተብሎ አይጠየቅም፤ የበዓሉ ወግ እሱ ነውና። እትዬ ፈትሌ ሽምብራ የበዛበት ንፍሮዋን በሰሃን አድርጋ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠች። የሌሎቹ ሰሃን ጎደለ፣ ተሞላ፣ እንደገና ጎደለ። የእሷ እንደወጣ ቀረ። ክፉ የተናገራት የለም፤ እንዲያውም ሁሉም በትሕትና ነው፤ እጁ ሊደርስበት ሲል ብቻ ወደ ሌላው ዞር ይላል። እሷ ወደ እኔ አየች። ያን ሻይ ስንት ብርጭቆ የጠጣሁ፣ ስኳር ብቻ እንደነበረበት ከሰው ሁሉ ይበልጥ የማውቅ እኔ፣ እጄን ዘረጋሁና ከእማማ ይታጠቁ ሰሃን ዘገንኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ። እንደዚያች አንድ እፍኝ ንፍሮ ያሳፈረኝ ግን የለም።

በማግስቱ እማማ ይታጠቁ አባዬንና እማዬን አስጠሩ። እኔ ቤዛን አቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«መርዝ የጨበጠ እጅ ልጅ አያነሳም» አሉ።

«እማማ፣ ድራማ እኮ ነው» አለ አባዬ።

«ድራማ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አላበድኩም። ሰውየው ደሞዙን ተቀብሎ ቤቱ እንደገባ አውቃለሁ። ዓይኗን ግን አይቻለሁ። ሰው በውስጡ የሌለውን ከየት ያመጣዋል? ንስሐ ትግባ። ንስሐ ሳትገባ ልጄን ካቀፈች እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አልደርስም።»

አባዬ መሬት መሬት አየ። ያሳደጉትን ሴት ትቶ የልጁን ክርስትና ሊያበላ አይችልም። እማዬ ደግሞ «ቃሌን ከማጥፍ ክርስትናው ይቅር» አለች፤ ይህን ስትል እሷ ራሷ ደንግጣ አማተበች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚያወራ ጠፋ። «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው» ትለኛለች፤ አባዬ አጠገቧ ተቀምጦ። «እናትሽን አልራበኝም በያት» ይለኛል። በመካከላቸው መልእክት ሳመላልስ የሰማንያው ቀን እየቀረበ መጣ።

የግቢያችን ግድግዳ ምስጢር አይዝም ነበርና እትዬ ፈትሌ ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት። የቤዛ ቀሚስ ለብቻው ተተኩሶ ተቀምጧል።

«ይህን ለእናትሽ ስጪልኝ» አለችኝ። «ያላጠፋሁትን ንስሐ አልገባም። ባልና ሚስት ከማጣላ ሌላ ሰፈር እከራያለሁ።»

ቀሚሱን ተቀበልኳት፤ ግን አልወጣሁም።

«እትዬ ፈትሌ፣ እኔም ፈርቼ ነው ያልበላሁት» አልኳት።

እጇ ሻንጣው ላይ ቆመ። «ምኑን?»

«ንፍሮሽን። ሰው ሁሉ ሲፈራ እኔም ፈራሁ።»

«አንቺም? ቃሉን ያነበብሽልኝ አንቺ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ዓይኗ እንባ ሞላ። እዚያው እያየኋት ከንፈሯ ዳር ላይ ሌላ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«እንግዲያው ጥሩ አድርጌ ሠርቼዋለሁ ማለት ነው» አለች።

ይህን ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች፤ እኔንም አቅፋ አስለቀሰችኝ። በጣም ነበር የምወዳት። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። «ላጠፋሁትማ ንስሐ እገባለሁ፤ መምሬ ዘለቀ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

መምሬ ዘለቀ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው፤ ቤት ሲመጡ ጠበል ረጭተው፣ ጠላ ቀምሰው፣ ቀልድ ጨምረው የሚሄዱ ተጫዋች ሽማግሌ ነበሩ። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር አገኘናቸው። እኔ ራቅ ብዬ ደንጊያ ላይ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። እሷ አንገቷን ደፍታ ስትናገር፣ እሳቸው መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲሰሙ አያለሁ። የነገረቻቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሻዩ እንዳልነበረ ግን እገምታለሁ። ስለ ደሴ ይሆናል፣ ስለ አባቷ ይሆናል። ተነሥተው ወደ እኔ ሲመጡ ነው ድምፃቸው የተሰማኝ።

«እንዲያው ለመሆኑ ልጄ፣ ሰውየው ይተርፋል ወይስ በዚያው ቀረ?»

«አባቴ፣ አዘጋጁ እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«መሐላ ከሆነስ ተይው» አሉ መምሬ። ጥቂት እርምጃ ሄድ አሉና ቆሙ። «እኔ ግን የባልየውን ወንድም ነው የምጠረጥረው። ብቻዋን አላደረገችውም።»

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ስላልወጣ ጾምም ስግደትም አይታዘዝም ነበር። ስለዚህ ሰባት ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እንድትጠርግ አዘዟት። መምሬ ብልህ ሰው ነበሩ። ቅዳሴ የሚመጣው የልደታ ሰው በሙሉ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጎንበስ ብላ ቅጠል ስትጠርግ ያያታል። እኔም ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ አያታለሁ። መጥረጊያውን ስትይዝ፣ ቀና ብላ ወገቧን ስትደግፍ ትኩር ብዬ አየኋት፤ አረማመዷ የነርሷም የትልቁ ሰው ሚስትም አልነበረም። እንደዚያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም። ማንንም ሳትገድይ ለምን ትጠርጊያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። «ሰው ሆኖ የሚጠርገው የሚያጣ የለም» አለችኝና ቅጠሉን ሰበሰበች።

በሰባተኛው ቀን መምሬ ወደ እማማ ይታጠቁ ቤት መጡ።

«አባቴ፣ ተናዘዘች?»

«ተናዝዛለች።»

«ስለ ሰውየው?»

«ወይዘሮ ይታጠቁ፣ የነገረችኝ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ንስሐዋን ሰጥቻታለሁ፣ ፈጽማለች፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብያታለሁ። ከእንግዲህ የሚጠይቃት ካለ እኔን ይጠይቀኝ።»

እማማ ይታጠቁ «እግዜር የፈታትን እኔ ማን ነኝ የማስራት» አሉ። መምሬ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገሩም፤ ያላሟሉትን ሴትየዋ ራሳቸው አሟሉት። አባዬ በዚያን ቀን ማታ «እንጀራ ጨምሪልኝ» ብሎ እማዬን በቀጥታ ጠየቃት፤ እኔም ከመልእክተኝነት ሥራዬ ተሰናበትኩ።

ክርስትናው ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። ብርዱና የጧፉ ሽታ ትዝ ይለኛል፤ የቤዛ ጩኸት አሁንም በጆሮዬ ነው። እትዬ ፈትሌ ልጅቷን አቅፋ በሕፃኗ ፈንታ ጸሎተ ሃይማኖትን መድገም ነበረባት። ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ። የሠላሳ ገጽ ቃል በሁለት ቀን የምትሸመድድ ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ጸሎት ጠፋባት። ቤዛን አጥብቃ ያዘች። ሁላችንም ጨነቀን። ያን ጊዜ እማማ ይታጠቁ ከኋላዋ አንድ እርምጃ ቀረቡና ቀጣዩን ቃል በሹክሹክታ አቀበሏት። እሷ ተቀበለች። እስከ መጨረሻው እሳቸው ከኋላ እያቀበሉ፣ እሷ ከፊት እየደገመች ጨረሱት። ቤዛ ከውኃው ወጥታ ማተብ ሲታሰርላት እማማ ይታጠቁ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር።

ቤት ተመልሰን ማዕድ ሲቀርብ ግን ሴቶቹን ፍርሃቱ ገና አልለቀቃቸውም። እትዬ ፈትሌ እጇን ታጥባ ገበታው ዳር ቆመች። ማንም ነይ አላላትም፣ ማንም ሂጂም አላላትም። እማማ ይታጠቁ አካባቢውን ቃኙ፤ አማተቡና አፋቸውን ከፈቱ። «አጉርሺኝ እንጂ አበልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» አሏት። አንዲት ዶሮ ወጥ የነካች ጉርሻ ሰጠቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ እሳቸው አላምጠው እስኪውጡ ጠበቀ። ዋጡ። «ጨው አንሶታል» አሉ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ተራ ይዘው ነው ከእጇ የጎረሱት።

ያ ድራማ በሌላ ተተካ፤ በሚቀጥለው እትዬ ፈትሌ መነኩሲት ሆነች። ፊቷ እንዴት እንደበራ፣ ድምጿ እንዴት እንደለዘበ ማመን ያቅታል። እማማ ይታጠቁ ጎረቤቶቹን እየዞሩ አይተው «አላልኳችሁም? ንስሐው ሠራ» አሉ። ሰፈሩም ተስማማ። መነኩሲቷ የሰፈራችን ሥራ ተደርጋ ተቆጠረች፤ ባለሱቁ እንኳን ድርሻ ነበረው። ያ ግምት ስህተት መሆኑን ሊያርማቸው የሞከረ አልነበረም፤ እሷም ብትሆን አልሞከረችም።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሆነች። የጄኔራል ሚስት፣ ፍርድ ቤት የምታንቀጠቅጥ ዳኛ፣ ከረዳቷ ጋር ቀን ተሌት የምትጣላ ባለታክሲ፣ ንግሥት፣ ልጇን በድምፁ ብቻ የምታውቅ ዓይነ ስውር እናት። ዛሬ ፎቶዋ በየግድግዳው ላይ ነው። ሰፈራችን ፈርሶ ሰው ሲበታተን እሷም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደች፤ በበዓል ግን የሚሄዱበት ቤት ጥያቄ ሆኖባት አያውቅም። እማማ ይታጠቁ ሲታመሙ ቀረጻዋን ትታ ያስታመመቻቸው፣ ሲያርፉም ከእኛ ጋር ሐዘን የተቀመጠችው እሷ ናት።

አሁን የኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ልጆቼ ፊልሟን ሲያዩ አያቸዋለሁ። አንድ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው። እኔ ስደነግጥ «እማዬ፣ ትወና እኮ ነው» ብለው ያረጋጉኛል። ትክክል ናቸው። ዛሬ ካጠገቧ የሚሸሽ የለም፤ ይልቅስ ፎቶ ለመነሳት ይጋፋል። ያን ዘመን ከዚህኛው አስበልጬ ልናፍቀው አልፈልግም፤ ያቺ ሰሃን ሳትነካ ስትቀር አይቻለሁና። ቢሆንም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማኛል።

በቅርቡ አንድ ጋዜጠኛ ለረጅም ቃለ መጠይቅ ጋብዟት ሁላችንም እኔ ቤት ተሰብስበን አየናት። እማዬ ነበረች፤ ሜክሲኮ ባንክ የምትሠራው ቤዛም መጥታለች። ከሠራሻቸው ሚናዎች ሁሉ የትኛውን ትወጃለሽ ሲላት ቤዛ «አሁን የእኔን እናትነት ነው የምትጠራው» ብላ ተመቻቸች። እኔ ንግሥቲቱን ጠበቅሁ፣ እማዬ ዓይነ ስውሯን።

«ባሏን በሻይ የገደለችውን» አለች እትዬ ፈትሌ። ጋዜጠኛው ገና ያልተወለደበት ድራማ ስለነበር ዓይኑን አፈጠጠ። «የሰፈሬ ሰው አምኖኝ ነበር» አለችው። «ክፉ ነሽ ሲለኝ ከልቡ ነው፤ ይቅር ሲለኝም ከልቡ ነው። ዛሬ ሰው ሲያገኘኝ ጎበዝ ነሽ ይለኛል።»

እማዬ አንገቷን ነቀነቀች፤ እኔም የጎደለው ምን እንደነበረ ገባኝ። ቤዛ ግን ተኮሳትራ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስልኳን አነሳችና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«እማ ፈትሌ፣ ከመርዘኛ አነስኩ ማለት ነው?»

ከወዲያ በኩል የምናውቀው ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አንቺን መቼ ተጫወትኩሽና?» አለቻት።

ቤዛ «እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነሽ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።